አሮጌ ጎማ መንገድ የሚሆነው መቼ ነው?

ያረጀ የመኪና ጎማ ለመጣል ከሚያስቸግሩ ዕቃዎች አንዱ ነው። አይበሰብስም። ቢቀበር ሆዱ አየር ስለሚይዝ ዓመታት ቆይቶ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል። ቢከመር ዝናብ ያቁርና የትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ድሬዳዋ በ2013 የገባውን ዴንጊና በ2019 የተከሰተውን ቺኩንጉንያ (ዓመቶቹ በዚህ ጽሑፍ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚያዛምተውን የትንኝ ዘር በጣም ከሚመቹት ቦታዎች አንዱ ሜዳ ላይ ተጥሎ ውሃ የያዘ ጎማ ነው። ቢቃጠል ደግሞ የባሰ ነው። በየካቲት 1990 ካናዳ ውስጥ ሄገርስቪል በተባለች የኦንታሪዮ ከተማ አጠገብ እስከ 14 ሚሊዮን የሚገመት የጎማ ክምር እሳት ተነሥቶበት 17 ቀን ነደደ። ከዚያ ስድስት ዓመት ገደማ ቀድሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ዊንቸስተር አካባቢ የተነሣው የጎማ ቃጠሎ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ዘጠኝ ወር ያህል ወስዷል። እንዲህ ባለ እሳት ላይ ውሃ ብዙም አይረዳም፤ ጎማው በቅርጹ ምክንያት እሳቱ የሚፈልገውን አየር ራሱ ይዞ ይቀመጣል፣ እየቀለጠ የሚወጣው ዘይት ደግሞ ወደ አፈርና ወደ ጅረት ይወርዳል። ስለዚህ አንድ መሐንዲስ ተነሥቶ «ፈጭተን ከአስፋልት ጋር እንቀላቅለው» ሲል ሰሚ ማግኘቱ አይደንቅም። ቆሻሻው ከዓይን ይጠፋል፣ መንገዱም ይሠራል፤ ነገሩ በዚሁ ያለቀ ይመስላል።

አላለቀም። ላለፉት 60 ዓመታት ያህል በተለያዩ አገሮች የተደረገው ሙከራ አንድ ነገር ደጋግሞ አሳይቷል። ያገለገለ ዕቃ አስፋልት ውስጥ ሲገባ የሚሠራው ሥራ ካለው መንገዱን ያሻሽላል። የገባው መጣያ ስለታጣለት ብቻ ከሆነ ግን መንገዱም ይበላሻል፣ ሐሳቡም ስሙ ይጠፋል። የሁለቱ ልዩነት በፖለቲካ ንግግር ውስጥ አይታይም፤ መንገዱ ላይ ግን ሦስትና አራት ዓመት ሳይሞላ ይታያል። ስለ ጎማ አስፋልት የሚወራው ምስጋናም ወቀሳም አብዛኛው የሚመነጨው ይህን ልዩነት ካለማየት ይመስለኛል።

ለመረዳት ከአስፋልቱ መነሣት ያስፈልጋል። አስፋልት ብለን የምንጠራው ጥቁር ንጣፍ በክብደት ሲለካ 95 በመቶ ገደማው የተፈጨ ድንጋይና አሸዋ ነው። ጥቁር ያስመሰለው ቀሪው 5 በመቶ ሬንጅ ነው፤ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ቤንዚኑና ናፍጣው ወጥቶ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ማለት ነው። ድንጋዩ ሸክሙን ይችላል፣ ሬንጁ ድንጋዩን ያያይዛል። ችግሩ ያለው ሬንጁ ላይ ነው። ሙቀት ሲበረታ ይለሰልስና ከባድ መኪና በተመላለሰበት መስመር ንጣፉ ይጎደጉዳል። ቅዝቃዜ ሲመጣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፀሐይና አየር ደግሞ ከዓመት ዓመት ዘይቱን እያሟጠጡ ያስረጁታል፤ ያረጀ ሬንጅ የመለጠጥ ዐቅም ስለሌለው መኪና ባለፈበት ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየተሰነጠቀ ይሄዳል፣ ስንጥቁ ውሃ ያስገባል፣ ውሃው ከሥር ያለውን መሠረት ያላላል፣ ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ለመሆን አንድ ክረምት ይበቃዋል። ለሙቀት እንዲስማማ ጠንካራ ሬንጅ ቢመረጥ በብርድ ይሰበራል፣ ለብርድ ሲባል ለስላሳው ቢመረጥ በሙቀት ይፈሳል። የመንገድ መሐንዲስ ዕድሜውን የሚጨርሰው በዚህ መካከል ነው።

የአሪዞናዋ ፊኒክስ ይህን ችግር በደንብ የምታውቅ ከተማ ናት፤ በረሃ ውስጥ ያለች በመሆኗ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣው ሙቀት በክረምት ሌሊት ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። በ1960ዎቹ የከተማዋ የቁሳቁስ መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ማክዶናልድ የሚፈልገው ለተሰነጠቀ አስፋልት የሚሆን፣ ከስንጥቁ ጋር አብሮ የሚለጠጥ ልጥፍ ነበር። የጎማ ክምር ለማጥፋት አልተነሣም። ጎማን ከሬንጅ ጋር ማደባለቅ ከእሱ በፊትም ተሞክሯል፤ የእሱ አዲስ ነገር ትዕግሥቱ ነው ማለት ይቻላል። የተፈጨውን ጎማ ከ175 እስከ 190 ዲግሪ በሞቀ ሬንጅ ውስጥ ከትቶ፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እያማሰለ ጠበቀው። ጎማ በድኝ ስለበሰለ ዳግመኛ አይቀልጥም። ነገር ግን የሬንጁን ቀላል ዘይት እየመጠጠ፣ ለበቆልት እንደተዘፈዘፈ ባቄላ ያብጣል። ውጤቱ ከተራ ሬንጅ እጅግ የወፈረና የሚለጠጥ ማያያዣ ነው። ወፍራም በመሆኑ በሙቀት አይፈስም፣ በእያንዳንዱ ድንጋይ ዙሪያም ዳጎስ ያለ ልባስ ይሠራል፤ ዳጎስ ያለ ልባስ ደግሞ ቶሎ አያረጅም። ጎማው በብርድም ስለሚለጠጥ ስንጥቁ ይዘገያል። ከዚህም በላይ ጎማ ሲሠራ ከፀሐይና ከአየር እንዲከላከሉት የተጨመሩለት ነገሮች፣ በተለይ ጥቁር የሚያደርገው የካርቦን ጥላሸት፣ አሁን ሬንጁንም ይጠብቁታል። ፋብሪካው ጎማው እንዲረዝምለት የከፈለበት ዐቅም እንዲህ ሆኖ ለመንገዱ ይተርፋል ማለት ነው።

ይህ «እርጥቡ» ዘዴ ነው። «ደረቁ» ዘዴ የሚባለውም በ1960ዎቹ ስዊድን ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ ጎማው ከሬንጁ ጋር ሳይበስል ከድንጋዩ ጋር እንደ ጠጠር ይደባለቃል። ልዩ ማብሰያ ስለማይፈልግ ርካሽ ነው፤ በርካሽ መጥቶም ብዙ ሰው አሳስቷል። ጎማ እንደ ጠጠር መሆን አይችልም። ሮለሩ ሲጫነው ይጨመቃል፣ ሲነሣለት ይመለሳል፣ ስለዚህ ንጣፉ በሚገባ ላይጠቀጠቅ ይችላል። በድብልቁ ውስጥ ለጎማው የሚሆን ክፍተት በጥንቃቄ ካልተተወለት ደግሞ ቆይቶ ድንጋዩ እየተፈነቀለ ይወጣል። በደረቁ ዘዴ የተሠሩ ጥሩ መንገዶች አሉ፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «የጎማ አስፋልት አይረባም» ያሰኙት ብዙዎቹ መንገዶች የተሠሩት በዚሁ ዘዴ ነበር።

እዚህ ላይ በ1991 ዋሽንግተን ውስጥ የሆነውን ማየት ይገባል፤ ለማንኛውም አገር ባለሥልጣን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ስላላየሁ ትንሽ እቆይበታለሁ። በዚያ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን በላይ አሮጌ ጎማ በየሜዳው ተከምሯል። ኮንግሬሱ በዓመቱ መጨረሻ ባጸደቀው ትልቅ የትራንስፖርት ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሸጎጠ። በፌዴራል ገንዘብ ከሚሠራው አስፋልት ውስጥ በ1994 ቢያንስ 5 በመቶው ጎማ ያለበት እንዲሆን፣ ይኸው ድርሻ በየዓመቱ እያደገ በ1997 20 በመቶ እንዲደርስ፣ ያላሟላ ክፍለ ግዛት የመንገድ ገንዘቡ እንዲቀነስበት የሚያዝ ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚለካው የገባውን ጎማ እንጂ የተሠራውን መንገድ አይደለም። አሪዞና 20 ዓመት የሞከረችውን ነገር፣ ጎማ አስፋልት አይተው የማያውቁ ክፍለ ግዛቶች በሦስት ዓመት እንዲያደርሱት ታዘዙ። ማብሰያ መሣሪያ ያላቸው ኮንትራክተሮች ጥቂት ነበሩ፣ ዘዴው ገና በፓተንት የተያዘ ነበር፣ ዋጋው በአንዳንድ ቦታ የተራው አስፋልት እጥፍ ድረስ ወጣ። የክፍለ ግዛቶቹ የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ጮኹ፣ አስፋልት አምራቾች ጮኹ፤ ኮንግሬሱ በ1995 ግዴታውን ሰረዘው።

ከዚያ የሆነው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። ግዴታው ሲነሣ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች እጃቸውን አወጡ። አሪዞና፣ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ግን ቀጠሉ፤ ያስገደዳቸው ስለነበረ ሳይሆን ጎማው ምን እንደሚሠራላቸው ያውቁ ስለነበር ነው። ፍሎሪዳ በደንብ የደቀቀ ጎማ በትንሽ መጠን ትጠቀማለች፤ አሪዞና በርከት ያለ ጎማ ያለበትን ስስ ንጣፍ መረጠች። የጎማ ክምሩስ? እሱም በአብዛኛው ተነሣ፤ ዛሬ ከነበረው ከአሥር እጅ አንዱ እንኳን አልቀረም። ያነሣው ግን በዋናነት መንገድ አይደለም። ከፍተኛው ድርሻ በሲሚንቶና በወረቀት ፋብሪካ ምድጃዎች በማገዶነት የነደደው ነው። በአስፋልት ሕዝቡን ከጎማ ክምር ለማዳን የታሰበው ዕቅድ ወደቀ፤ በአስፋልት መንገድ ለማሻሻል የታሰበው ግን ቆመ።

የዋጋው ተቃውሞ ዛሬም አለ፤ ቀላልም አይደለም። ሒሳቡን በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ እንሥራው። አንድ መስመር 3.65 ሜትር ስፋት፣ ንጣፉ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ወደ 420 ቶን ድብልቅ ይፈልጋል። ተራ አስፋልት ከሆነ 5 በመቶው፣ ማለትም 21 ቶን ያህሉ ሬንጅ ነው። የጎማ አስፋልት ከሆነ ግን ማያያዣው ወፍራም በመሆኑ ድርሻው ወደ 8 በመቶ ያድጋል፣ 34 ቶን ገደማ ማለት ነው። ከዚህ አምስተኛው ጎማ ነው፤ ወደ 7 ቶን፣ ከአንድ የቤት መኪና ጎማ 5 ወይም 6 ኪሎ የሚጠቅም ፍጭ ቢወጣ 1,200 ያህል ጎማ። ጥሩ ቁጥር ነው። የቀረውን ግን ተመልከቱት፦ 27 ቶን ሬንጅ። የጎማ አስፋልቱ በዚሁ ውፍረት ከተነጠፈ ከተራው 6 ቶን የሚበልጥ ሬንጅ ይበላል። «ጎማ ሬንጅ ይቆጥባል» የሚለው ወሬ ይህን አይነግረንም።

ቁጠባው የሚመጣው ንጣፉ ሲሳሳ ወይም ዕድሜው ሲረዝም ነው። የካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት በ1983 ራቨንዴል በተባለ ቦታ በተሠራ መንገድ ላይ የተለያየ ውፍረት ያላቸውን የጎማና የተራ አስፋልት ክፍሎች ጎን ለጎን አስነጥፎ ለዓመታት ተከታተላቸው። ስሶቹ የጎማ ክፍሎች ከእነሱ ከወፈሩት ተራ ክፍሎች የተሻለ ስንጥቅ ቻሉ። ከዚህና ከተከተሉት ሙከራዎች ተነሥቶ መሥሪያ ቤቱ በተሰነጠቀ አሮጌ መንገድ ላይ በሚደረብ ንጣፍ የጎማ አስፋልቱ እስከ ግማሽ ድረስ እንዲሳሳ ፈቀደ። ያን ጊዜ 27 ቶኑ ሬንጅ 13 ወይም 14 ቶን ይሆናል፣ ድንጋዩም በግማሽ ይቀንሳል፣ የገልባጭ ምልልሱም እንዲሁ። አሪዞናም በ1990 ፍላግስታፍ አጠገብ ክፉኛ የተሰነጠቀ የኮንክሪት አውራ ጎዳናን ፈንቅላ እንደ አዲስ በመሥራት ፋንታ ስስ የጎማ አስፋልት ደርባበት ለዓመታት አገልግሏታል። እንግዲህ ዋጋው የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ መሠረቱ ደኅና ሆኖ ላዩ ለተሰነጠቀ መንገድ። መሠረቱ ለተበላሸ መንገድ የጎማ አስፋልት መደረብ ገንዘብ መበተን ነው፤ ከሥር የሚንቀሳቀስ አፈር ጎማም ቢሆን አያቆመውም።

የፊኒክስ ታሪክ ሌላም ምዕራፍ አለው፤ ደጋፊዎች መጨረሻውን ብዙ ጊዜ አያነሡትም። የጎማ አስፋልት የመኪና ጎማ መንገዱን ሲመታ የሚወጣውን ድምፅ ይቀንሳል። ከ2003 ጀምሮ አሪዞና በፊኒክስ ዙሪያ ያሉ የኮንክሪት አውራ ጎዳናዎችን 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስስ የጎማ አስፋልት አለበሰቻቸው፤ አጠገባቸው የሚኖሩ ሰዎች ልዩነቱን ወዲያው ሰሙት፣ በሌሎች ሰፈሮችም «ለእኛስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ይሁንና ስስ ልባስ ዕድሜ አለው። ዓመታት ሲያልፉ ድምፅ የማፈን ዐቅሙ ቀነሰ፣ መላላጥም ጀመረ። በቅርብ ዓመታት የአሪዞና የመንገድ መሥሪያ ቤት በአንዳንዶቹ መንገዶች ላይ ያረጀውን የጎማ ንጣፍ ገፍፎ፣ ከሥሩ ያለውን ኮንክሪት በአልማዝ ምላጭ እየላገ ድምፁን የሚቀንስበት ሌላ ዘዴ ጀምሯል። ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ የጎማ አስፋልት የተፈለሰፈባት አሪዞና እንኳን ለእያንዳንዱ መንገድ የሚስማማውን ትመርጣለች እንጂ ለጎማው ታማኝ የመሆን ግዴታ የለባትም።

ጎማ ጋዜጣ ላይ ቢነግሥም፣ በአስፋልት ሥራ ውስጥ ከሁሉ የላቀው ያገለገለ ዕቃ ራሱ አስፋልቱ ነው። ይህ ሳይወራለት ዓለምን የያዘ ሥራ ነው። ከ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት በኋላ ሬንጅ ሲወደድ፣ ጥርሳቸው ከጠንካራ ብረት የተሠራ መፋቂያ ማሽኖችም በዚያው ዐሥር ዓመት ሲመጡ፣ ያረጀ ንጣፍን ፍቆ አንሥቶ ዳግም መጠቀም ትርፍ ያለው ነገር ሆነ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ወደ 100 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የተፋቀ አስፋልት ሥራ ላይ ይውላል፤ አዲስ ከሚመረተው ድብልቅ በአማካይ አምስተኛው ከአሮጌ መንገድ የመጣ ነው። ጃፓን ድንጋይም ነዳጅም የማይበዛላት አገር በመሆኗ ድርሻውን ወደ ግማሽ አድርሳዋለች። ማንም አላዘዛቸውም ባይባልም፣ ያንቀሳቀሳቸው ቀላል ሒሳብ ነው። ከላይ በቆጠርነው አንድ ኪሎ ሜትር መስመር ላይ የተኛው 420 ቶን አንዴ የተፈለጠ፣ የተፈጨ፣ የተጓጓዘና ሬንጅ የለበሰ ድንጋይ ነው። 21 ቶኑ ሬንጅ አርጅቷል እንጂ የትም አልሄደም።

ማርጀቱ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አሮጌ ሬንጅ ደረቅ ስለሆነ ብዙ ከተጨመረ አዲሱ መንገድ አርጅቶ ይወለዳል። እስከ 15 ወይም 20 በመቶ ሲጨመር አብዛኛውን ጊዜ ለውጥ አያስፈልገውም፤ ከዚያ ሲያልፍ ለስላሳ ሬንጅ ወይም ማደሻ ዘይት መጨመር፣ ድብልቁንም ላቦራቶሪ ውስጥ መፈተን ግድ ይሆናል። በማምረቻው ፕላንት ውስጥም አሮጌው አስፋልት ከበርነሩ ነበልባል ጋር ፊት ለፊት ከተገናኘ ሬንጁ ይቃጠልና ጭስ ብቻ ያተርፋል። ስለዚህ ከማድረቂያው በርሜል መሐል ላይ በተሠራለት በር ይገባና በጋለው አዲስ ድንጋይ ሙቀት ይቀልጣል። ክምሩ እንዴት ተቀመጠ የሚለውም ተራ ጥያቄ አይደለም። ከተለያየ መንገድ የተነሣው ተደባልቆ፣ ከአፈርና ከኮንክሪት ፍርስራሽ ጋር ሜዳ ላይ ከተከመረ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ የማይታወቅ ነገር ደግሞ በልክ ሊጨመር አይችልም። ዝናብ ከጠጣም ለማድረቅ የሚነደው ነዳጅ የተቆጠበውን ይበላዋል። መጠለያ ጣራ፣ ወንፊትና ለየብቻ መከመር እዚህ ላይ ከማንኛውም ዘመናዊ ማሽን ይበልጣሉ።

ሌላው ተቃውሞ የጤናና የአካባቢ ነው፤ በቁም ነገር መታየት ያለበትም ይህ ነው። በ2020 መጨረሻ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ተመራማሪዎች በከተማ ጅረቶች ውስጥ ኮሆ የተባለው ሳልሞን ዓሣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ለምን እንደሚሞት ደረሱበት። ጎማ እንዳይሰነጠቅ የሚጨመር አንድ ኬሚካል ከአየሩ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ መርዝነት ይለወጣል፤ ከጎማ ተፍቆ የሚወጣው ብናኝም ከጎርፍ ጋር ወደ ጅረት ያስገባዋል። ታዲያ ያንኑ ጎማ መንገድ ማድረግ ምን ይባላል? መልሱ ሁለት ክፍል አለው። የዚህ ብናኝ ዋና ምንጭ እየተሽከረከረ የሚያልቀው ጎማ ነው፤ መንገዱ ከምንም ቢሠራ ይወጣል፣ ባትሪያቸው የሚከብድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲበዙም አይቀንስም። ሬንጅ ውስጥ የተበተነ ጎማ ደግሞ እንደ ልቡ ከሚበተን ፍጭ ይለያል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ሰው ሠራሽ የኳስ ሜዳ ላይ የሚበተነውን የጎማ ጥራጥሬ ሲያግድ ያሰበው በእግርና በዝናብ የሚሄደውን ልቅ ብናኝ ነው። ይህ ማለት ግን መንገዱ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ንጣፉ እያለቀ ሲሄድ እሱም ብናኝ ይሆናል፣ ስለዚህ ለመጠጥ ውሃና ለዓሣ ቅርብ በሆነ ቦታ ሳይለካ ባይነጠፍ ይሻላል። የጭሱ ጉዳይም አለ። የጎማ ድብልቅ ከተራው ይበልጥ መሞቅ ስላለበት ሽታውና ጭሱ ይበረታል፤ ይህን የሚተነፍሰው አካፋና ሬክ ይዞ ከንጣፊው ማሽን ኋላ የሚሄደው ሠራተኛ ነው። ሙቀቱን የሚያወርዱ ዘዴዎች ዛሬ አሉ፤ ውል ውስጥ ካልተጻፉ ግን ማንም አያመጣቸውም።

ስለ ፕላስቲክ መንገድ ለሚጠይቁ፣ ሕንዳዊው የኬሚስትሪ መምህር ራጃጎፓላን ቫሱዴቫን ማዱራይ ውስጥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ዘዴ የተከተፈ ፌስታል በጋለ ድንጋይ ላይ በትኖ ማልበስ ነው፤ የሕንድ መንግሥትም በ2015 በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ በሚሠሩ መንገዶች ላይ እንዲሠራበት አዟል። ሐሳቡ ብልሃት አለው። ፌስታል ግን እንደ ጎማ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መቅለጥ የሚገባውና ሲሞቅ መርዛማ ጋዝ የሚያወጣው ፕላስቲክ በአንድ ጆንያ ይመጣል፣ ለቅሞ የሚለየው ካልተገኘ አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል።

አሁን ወደ እኛ። ኢትዮጵያ ውስጥ አሮጌ ጎማ እንደ አሜሪካ ባለቤት አጥቶ አልኖረም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከጎሚስታው እጅ የወጣ ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ የጋሪ ማሰሪያ ይሆናል፤ ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶልሬብልስ ይህንኑ የጎማ ሶል ይዞ ውጭ አገር ገበያ ገብቷል። በረባሶ የሚሠራ ሰው ጎማውን የሚጠቀምበት መንገድ ከማንኛውም መፍጫ ያነሰ ጉልበት ይፈጃል፣ ለሠራተኛውም ዳቦ ነው። እንግዲህ ጎማውን ከእሱ እጅ ነጥቆ አስፋልት ውስጥ መክተት እንደ እድገት ሊቆጠር አይገባም። የተሽከርካሪው ቁጥር እያደገ፣ በተለይ የከባድ መኪና ጎማ እየበዛ ሲመጣ ከበረባሶ የሚተርፈው መብዛቱ አይቀርም፤ ጎማው ለመንገድ የሚታሰበው ያን ጊዜ ነው። ቦታውም ይታወቃል። ከጋላፊ በሚሌ በኩል ወደ አዋሽ የሚወርደው የወደብ መስመር በአፋር ሙቀት ውስጥ ቀን ከሌሊት የተጫነ ተሳቢ የሚመላለስበት ነው፤ ሙቀትና ከባድ ጭነት ደግሞ የጎማ አስፋልት ከተራው የሚሻልባቸው ሁኔታዎች ናቸው። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ከ1980ዎቹ ጀምራ የጎማ ሬንጅ ስለሠራችበት ልምዱን ከሩቅ አገር መፈለግም አያስፈልግም። ለመጀመር ጥቂት ኪሎ ሜትር የሙከራ ክፍል ከተራው አስፋልት ጎን ለጎን ነጥፎ፣ ጭነቱን መዝኖ፣ ጉድጉዱን በየዓመቱ መለካት ይበቃል። ይህ ሳይሆን በመመሪያ «ከእንግዲህ ይህን ያህል በመቶ ጎማ» ከተባለ የ1991ዱን ታሪክ በእኛ ገንዘብ መድገም ነው።

የተፋቀው አስፋልት ግን ነገ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። አሰብ የነበረው ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ የራሳችን የሚባል የሬንጅ ምንጭ የለንም፤ እያንዳንዱ ቶን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ ይመጣል። የመንገድ ልማት ፕሮግራሙ ከ1997 ጀምሮ ያሠራቸው የመጀመሪያዎቹ አስፋልቶች ደግሞ አሁን የመታደሻ ዕድሜያቸው ደርሷል። አንድ መስመር አንድ ኪሎ ሜትር ሲታደስ 20 በመቶ የተፋቀ አስፋልት ቢጨመር በግምት 4 ቶን ሬንጅ ይተርፋል፤ በርቀት ላለ ትንሽ መንገድ ከሆነም አሮጌውን ንጣፍ እዚያው ፈጭቶ በአረፋ ሬንጅ ወይም በጥቂት ሲሚንቶ አጠንክሮ መሠረት ማድረግ ይቻላል፣ ድንጋይ ከሩቅ ማመላለስም ይቀራል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የጥራት ቁጥጥር ነው፦ ተራውን አስፋልት በቅጡ መጠቅጠቅ ባቃተበት ቦታ ይህን መጨመር ለማጭበርበር በር መክፈት አይሆንም ወይ? ይሆናል፣ ውሉ ዝም ካለ። የጥገና ጨረታዎች ውስጥ ሊጻፉ የሚገባቸው ነገሮች ብዙ ረቂቅ አይደሉም። የሚፋቀው ንጣፍ ውፍረትና የሬንጁ እርጅና ሥራው ከመጀመሩ በፊት በናሙና ይታወቅ። የተፋቀው ለየመንገዱ ለየብቻ፣ በጣራ ሥር ይከመር። ድብልቁ ውስጥ የገባው መጠን ከፕላንቱ ሚዛን መዝገብ ጋር ይመሳከር። ሁሉንም የሚቀድመው ግን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ተፍቆ የተነሣው አስፋልት የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ኮንትራክተሩ የሚያየው ለማጓጓዝ የሚያስከፍለውን ፍርስራሽ ነው፤ ወይ ገደል ይጨምረዋል፣ ወይ ለግቢ መሙያ ይሰጠዋል። የተፋቀው ለኮንትራክተሩ እንዲሆን፣ የሬንጁም ዋጋ ከጨረታው ሒሳብ ላይ እንዲቀነስ ተደርጎ ከተጻፈ ግን ወንፊቱንም ጣራውንም ሳይነገረው ይሠራዋል።